ከቆላ የተቀዳ ውሃ ደጋ ላይ ሲያድር

(መለያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

  

የዛሬው ጉዳያችን ውርጭ ነው። ከሚሴ ላይ ተቀምጦ ስለ ውርጭ ማውራት ምን ይሉታል የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ቦርከናን ሲሞላም ሲጎድልም አይተነዋል፤ ጋግሮ ያየው ግን የለም። የጋገረ ውሃ የምናየው ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ነገር ግን የከሚሴ ሰው ከሚሴ ብቻ አይውልም። ማሾና ማሽላ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው አይሱዙ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ በእኛ በኩል የሚያልፈው ከባድ መኪና፣ ለመንገድ ሥራ ካምፕ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ፣ እንግዳ ይዞ መንዝ ጓሳ የሚያድረው ላንድክሩዘር፣ ሁሉም ካራቆሬን፣ አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ሸዋሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። መሐል ሜዳም ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት በሸሚዝ የተነሣ ሹፌር ማታ ላይ ጋቢ ይፈልጋል። ለራሱስ አያጣም፤ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከቆላ እንደተቀዳ ራቁቱን ያድራል።

የምንነጋገረው ስለዚያ ውሃ ነው። በራዲያተር፣ በቦቴ ማፍሰሻ፣ በካምፕ ቧንቧ፣ እንዲሁም ካራቫን በምንለው፣ መኝታውና ማዕድ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ በጎማ ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ስላለው ውሃ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሱቁ ፍሪጅ እንጀምር። ለስላሳ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ በረዶ ቤት ውስጥ የከተተና የረሳው ባለሱቅ ጠዋት የሚያገኘውን ያውቃል። ጠርሙሱ ከወገቡ ተሰንጥቆ በረዶው እንዳለ ቆሞ ያገኘዋል። ማንም አልመታውም። ያፈነዳው ውስጡ ያለው ነው።

ውሃ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ይሰበሰባል። 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጥና መስፋት ይጀምራል። ዜሮ ላይ በረዶ ሲሆን ከነበረው መጠን በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሥር ሊትር ውሃ የሞላው ዕቃ በረዶው አሥራ አንድ ሊትር ሊሆን ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ትርፉ መሄጃ ካገኘ ችግር የለም። ካጣ ግን ብረትም ቢሆን አያቆመውም።

ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይህን ቤት ውስጥ አሳዩአቸው። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። አንዱን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ፤ ሌላውን ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ሙሉና ክዳኑን ላላ አድርጉ። ሁለቱንም በረዶ ቤት አሳድሯቸው። ጠዋት የመጀመሪያው ሆዱ ተነፍቶ፣ ቂጡ ወጥቶ፣ መቆም አቅቶት ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው እንደነበረ ነው። ጠርሙስ ግን አትሞክሩ፤ ስባሪው ምግብ ላይ ይበተናል።

ቧንቧ ላይ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። በረዶው የተሠራበት ቦታና ቧንቧው የሚሰነጠቅበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። አንድ ቧንቧ መሐሉ ላይ ጋገረ እንበል። በረዶው እንደ ውታፍ ሆኖ ቧንቧውን ይዘጋዋል። እየሰፋ ሲሄድ ፊት ለፊቱ ያለውን ገና ያልጋገረ ውሃ ወደ መክፈቻው ይገፋዋል። መክፈቻው ዝግ ነው። ውሃ ደግሞ እንደ አየር ታምቆ አያንስም። በውታፉና በዝጉ መክፈቻ መካከል ግፊቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ የቧንቧው ደካማ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ወይም ክርኑ፣ ይለቃል። ስንጥቁ የሚታወቀው ግን ወዲያው አይደለም። በረዶው ራሱ ደፍኖት ያድራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሲቀልጥ ነው ውሃው መርጨት የሚጀምረው።

መክፈቻው ክፍት ቢሆን ኖሮ የተገፋው ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ይወጣና ግፊቱ ይበርድ ነበር። ስለዚህ ከዛሬው ዝግጅታችን አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሌሊቱ ሳይገባ ውሃውን አውጡት፤ ማውጣት ካልቻላችሁ መውጫ ስጡት። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ውርጭ መቼና የት ይበረታል? ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ከከሚሴ ደብረ ብርሃን ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ፤ ይህ ብቻውን 9 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ወቅቱ አለ። ክረምት ደመናው ምድርን ስለሚሸፍናት የቀኑ ሙቀት በቀላሉ አያመልጥም። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይተኛል፤ መሬቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይተፋዋል። የደጋ ገበሬ ከዋክብት ደምቀው የታዩበትን ማታ የሚፈራው ለዚህ ነው። ባቄላውንና ምስሩን የሚያቃጥልበት ያ ሌሊት ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ረባዳ ሜዳ ላይ ይተኛል። አንድ መንደር ውስጥ እንኳ ጉብታው ላይ ያለው ጓሮ ደህና አድሮ ከሥር ያለው መስክ ነጭ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የሬዲዮ ትንበያ ዝቅተኛው 2 ዲግሪ ነው ሲላችሁ ያ የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። መሬት ላይ የተዘረጋ ጎማ፣ የመኪና ጣሪያ፣ ሰማይ የሚያየው ቆርቆሮ ከአየሩ በታች ቀዝቅዘው ዜሮን ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ትንበያው 3 ዲግሪ ቢልም አትዘናጉ።

መኪና ስታቆሙ ረባዳውን ትታችሁ ጉብታውን፣ ገላጣውን ትታችሁ የግድግዳ ወይም የዛፍ ጥግ ምረጡ። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ግድግዳ ሌሊት የያዘውን ይመልሳል። ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት እኩለ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣና ትንሽ እስክትቆይ ያለው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራዲያተር እንግባ። ሹፌሮች፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ኩላንት ወይም አንቲፍሪዝ የምንለው ፈሳሽ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይጋግርም። ለእኛ አገር ደጋ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዳገቱ ነው። ከሸዋሮቢት በኋላ ያለውን አቀበት የጫነ መኪና ሲወጣው ሞተሩ ይግላል። አንዳንዱ ይፈላል። ሹፌሩ ጥግ ይይዛል፣ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ሲበርድ የጎደለው በንጹሕ ውሃ ይሞላል። ምን ያድርግ፣ እጁ ላይ ያለው እሱ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአንድ መኪና ማቀዝቀዣ 12 ሊትር ይይዛል እንበል፤ 6 ሊትር ኩላንት፣ 6 ሊትር ውሃ። 4 ሊትር ፈስሶ 4 ሊትር ውሃ ቢተካ የቀረው ኩላንት 4 ሊትር ነው፤ ከሦስት እጅ አንድ። ይህ አሁንም እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ እንዲሁ ቢደረግ ኩላንቱ 2.7 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ሦስተኛ ጊዜ 1.8። አራተኛ ጊዜ 1.2 ሊትር፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛው። አሁን መጋገር የሚጀምረው ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ ነው። የዳገቱ ሙቀት የሌሊቱን መከላከያ አጥቦ ወሰደው ማለት ነው። ሹፌሩ ግን ራዲያተሩ ሙሉ መሆኑን አይቶ ሞተሩን አጥፍቶ ይተኛል።

በእርግጥ ሞቆ የገባ ሞተር በአንድ ሌሊት ቶሎ አይበርድም። ብዙ ሹፌር ለዓመታት ውሃ ብቻ ሞልቶ ደብረ ብርሃን ያደረውና ምንም ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋው የሚብሰው ዕቃ ጠብቆ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሳይነሣ በቆመ መኪና ላይና ከደብረ ብርሃን በላይ በሚያድር ላይ ነው። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች መጀመሪያ ይጋግራሉ። ከባሰ ደግሞ የሞተሩ ብሎክ ወይም ቴስታታው ይሰነጠቃል፤ ያ ሲሆን ወጪው ከጫነው ማሾ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ከሚሴ ሳላችሁ አስለኩት። ጋራዦች የኩላንት መለኪያ አላቸው፤ ጥቂት ጠብታ ወስደው የሚጋግርበትን ዲግሪ ይነግሯችኋል። መንገድ ላይ ለመሙያም የተቀላቀለ ኩላንት በጀሪካን ያዙ፤ ውሃ መጨመር ግድ ከሆነባችሁ ምን ያህል እንደጨመራችሁ አስታውሱና ስትመለሱ አስተካክሉት። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ያለ ውሃ ኩላንት ብቻ መሙላትም ልክ አይደለም፤ ንጹሑ ኩላንት 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ላይ ይጋግራል፣ ሙቀትም በደንብ አያወጣም። ጨው የሚጨምሩም አሉ። ጨው መጋገሩን ያዘገያል፣ ነገር ግን አልሙኒየሙንና ብረቱን ይበላዋል።

ኩላንት የብርድ አገር ዕቃ ነው፣ ለቆላ ምን ያደርጋል የሚል አስተሳሰብም እኛ ጋ አለ። ኩላንት የተቀላቀለበት ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ዝገትም ይከላከላል። ስለዚህ ከሚሴ በጠራራ ፀሐይ ለቆመ መኪናም ሆነ ለጣርማ በር ዳገት ይጠቅማል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የተለመደው የመኪና ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ይበልጥ ያስፈራል። ኩላሊት ያጠፋል። ጋራዥ ደጃፍ ወይም መንገድ ዳር የተደፋውን ፍየል ትልሰዋለች፣ ውሻ ይጠጣዋል፣ ሕፃን ጣቱን ይነክርበታል። በዕቃ ተቀበሉት እንጂ መሬት ላይ አትድፉት። የኩላንት ጀሪካን የነበረ ዕቃም ታጥቦ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ በፍጹም አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

ቦቴ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ሊትር ዜሮ ዲግሪ የደረሰ ውሃ ሙሉ በሙሉ በረዶ እንዲሆን ከውስጡ መውጣት ያለበት ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አሥር ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ ወይም ሙሉ ሮቶ በአንድ ሌሊት አይጋግርም፤ ቢበዛ ከላይ ስስ ሽፋን ያበጃል። የሚጋግረው ማፍሰሻው፣ መዝጊያውና ተንጠልጥሎ ያደረው ጎማ ነው። ማታ ጎማውን ፍቱት፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን አፍስሱ፣ ጠቅልላችሁ ጋቢና ውስጥ አስገቡት። መዝጊያውን በደረቅ ጆንያ ጠቅልሉ። እርጥብ ጆንያ ግን ባይኖር ይሻላል።

ካራቫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመንገድ ሥራ ካምፖች መሐንዲሶች የሚያድሩባቸው፣ ለተንቀሳቃሽ ክሊኒክ የተዘጋጁ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ተጓዦች ከላሊበላ ወይም ከሰሜን ተራሮች ሲመለሱ በከተማችን የሚያሳልፏቸው የቤት መኪናዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ፣ በተለይ ብዙ የኦሮሞ ልጆች ባሉባት በሚኒሶታ፣ በዴንቨርና በካልጋሪ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምታዳምጡን ደግሞ ይህ ዕቃ በራችሁ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በካራቫን ውስጥ የውሃ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ወለሉ ሥር ነፋስ ይገባል። ቤት ውስጥ የማይጋግር ቧንቧ እዚያ ይጋግራል።

ለአንድ ሌሊት ከሆነ የምታድሩት ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው፦ ፓምፑን ማጥፋት፣ መክፈቻዎቹን ሁሉ መክፈት፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያሉትን ማፍሰሻዎች መክፈት፣ ለጠዋት የሚያስፈልገውን ውሃ በጀሪካን ወደ ውስጥ ማስገባት። ረዳቱ «ጋሼ፣ ውሃውን ከደፋን ነገ በምን እንታጠባለን?» ማለቱ አይቀርም። አንድ ጀሪካን ለሁለት ሰው ፊትና ለሻይ ይበቃል። ቧንቧው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን ነው።

መኪናው ለሳምንታት ብርድ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሥራው ተራ አለው። የውሃ ማሞቂያውን፣ በጋዝም ይሥራ በኤሌክትሪክ፣ አጥፉትና እስኪበርድ ጠብቁ። አትቸኩሉ፤ ትኩስ ሆኖ የማፍሰሻ ቡሎኑን የፈታ ሰው የሚተርፈው የተቃጠለ እጅ ነው። ከበረደ በኋላ አንዱን የሙቅ ውሃ መክፈቻ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፣ ከዚያ ቡሎኑን ፍቱ። ታንከሩንም የቆሻሻውንም ጋን ባዶ አድርጉ። መክፈቻዎቹ ሁሉ፣ ቀዝቃዛውም ሙቁም፣ የገላ መታጠቢያውም የሽንት ቤቱም፣ ተከፍተው እስኪደርቁ ይቆዩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሃ በክርኖቹና በዝቅታዎቹ ተኝቶ ይቀራል። እሱን ለማስወጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የአየር ኮምፕሬሰር ነው። ጎማ የሚነፋ ሁሉ አለው፤ ግፊቱ ግን ከ3 ባር እንዳይበልጥ፤ የጭነት መኪና ጎማ የሚነፋበት ግፊት የካራቫንን መጋጠሚያ ይገነጥለዋል። በውሃ መግቢያው በኩል አየር እየላካችሁ መክፈቻዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ጉም የመሰለው እርጭታ ቆሞ ደረቅ አየር ብቻ ሲወጣ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ሁለተኛው ለመጠጥ ውሃ መስመር የተሠራ መርዝ የሌለው አንቲፍሪዝ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሮዝ ነው፤ የሚሠራውም ፕሮፒሊን ግላይኮል ከሚባል ነገር ነው። ማሞቂያው እንዳይሞላ መግቢያውን ዘግታችሁ ማለፊያውን ከፍታችሁ በፓምፑ ትስቡትና በየመክፈቻው ሮዝ ቀለም እስኪወጣ ታፈሳላችሁ። ከመታጠቢያው ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ ውስጥም ትንሽ ማፍሰስ አይረሳ፤ የቆሻሻ ሽታ ለመከልከል ሁልጊዜ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው። የራዲያተር ኩላንት የዚህ ምትክ እንዳይሆን አደራ። ከላይ እንዳልኩት መርዝ ነው፣ ይህ ደግሞ የምትጠጡበት መስመር ነው። ሮዙን ካላገኛችሁ አየሩ ይበቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ብርድ የሚጎዳው ብርድ የለመደውን አገር ይመስለናል። የሆነውን ልንገራችሁ። በሚኒሶታ ክረምት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20ና 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ እዚያ ግን ዋና የውሃ መስመር ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀበራል፣ ቤቱም ታስቦበት ይሠራል። ቴክሳስ ደግሞ ሙቅ አገር ናት። ብዙ ቤት ውስጥ ቧንቧው በጣሪያና በውጭ ግድግዳ ነው የሚያልፈው። የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዳላስ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወረደ። ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ማሞቂያ ቆመ። በየቤቱ ጣሪያ ውስጥ ቧንቧ ፈነዳ፤ በረዶው ሲቀልጥ ኮርኒሱ ከነውሃው አልጋ ላይ ወደቀ። ግዛቱ ባወጣው ቁጥር 246 ሰው ሞቷል።

ከዚያ ቀደም ብሎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉ፣ ያልተሸፈኑ ቧንቧዎች ውጭው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መጋገር እንደሚጀምሩ አሳይተው ነበር። ይህ ቁጥር ለእኛም አንድ ነገር ይነግረናል። የደብረ ብርሃን ቤት ቧንቧ ቀለል ያለውን ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ግድግዳ ውስጥ ወይም መሬት ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ውርጩም ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ፀሐይ ታነሣዋለች። ነፋስ የሚያገኘው፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋው የካምፕ ላስቲክ ቧንቧና ደጅ ያለው ቆጣሪ ግን ያን ያህል አይታገሥም። ካምፕ የምትሠሩ ኮንትራክተሮች መስመሩን ግማሽ ሜትር ቅበሩት። መቅበር የማይቻለውን በገለባ፣ በአሮጌ ዝተት ወይም ባና ጠቅልሉና ከላዩ ላስቲክ ደርቡበት፤ ሱፍ ከረጠበ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ልብስ ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ያቆያል እንጂ። የእኛ ውርጭ የጥቂት ሰዓት ስለሆነ ማቆየት ይበቃናል። ሚኒሶታ ላይ አይበቃም።

ከቴክሳስ ሌላም ሐዘን አለ። በዚያ ሳምንት ከሞቱት መካከል በብርድ ሳይሆን በጭስ የሞቱ ነበሩ። ቤት ውስጥ ጄኔሬተር ያስነሡ፣ ከሰል ያነደዱ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥተው ሊሞቁ የሞከሩ። የአገራችን ልጆችም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ይመስላል። ጋቢና ውስጥ ወይም ካራቫን ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከሰሉ ፍም ቢሆንም፣ ጭሱ ባይታይም፣ መስኮቱ ትንሽ ቢከፈትም አትተኙ። ቧንቧ ይቀየራል።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጨረሻ፣ ጠዋት ተነሥታችሁ ቧንቧው ጋግሮ ብታገኙትስ? ክብሪት አትጫሩ። በፋኖስም በጋዝ ነበልባልም የተሞከረ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ካራቫንም ተቃጥሎ ያውቃል። የፈላ ውሃም አትድፉበት፤ ድንገተኛ ሙቀት የቀዘቀዘን ብረትና ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። መጀመሪያ መክፈቻውን ክፈቱ። ከዚያ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ከመክፈቻው በኩል ጀምራችሁ ወደ በረዶው እየቀረባችሁ ጠቅልሉት፤ የቀለጠው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ከበረዶው መሐል ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ በሁለት ውታፍ መካከል ይታፈናል። ፓምፑ በዚህ ጊዜ ሁሉ ጠፍቶ ይቆይ። ራዲያተሩ መጋገሩን ከጠረጠራችሁም ሞተሩን አታስነሡ፤ ውሃው ካልተዘዋወረ ሞተሩ ወዲያው ይግላል። መኪናውን ፀሐይ እስክታሞቀው ተዉት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ በረዶው ሙሉ በሙሉ መቅለጡን እዩ። ውሃው መሄድ ሲጀምር ደግሞ አንድ ሰው መክፈቻው ጋ፣ አንድ ሰው ወለሉ ሥር ሆኖ መጋጠሚያዎቹን በእጁ ይዳስስ። የተሰነጠቀው ቦታ ራሱን የሚያሳየው ያኔ ነው፤ ባትሪ ይዞ የሚያይ ሰው ካለ ፓምፑን ሳታስጨንቁ፣ ብዙ ውሃም ሳይፈስ ታገኙታላችሁ።

 

(መለያ ሙዚቃ)